ቀጥ ብላ የቆመችው ላዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካዛንቺስ ውስጥ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ባለታክሲ የላዳቸውን የፊት ሞላዎች አስለወጡ። ምትኮቹ ከሶማሌ ተራ የተገዙ ያገለገሉ ሞላዎች ነበሩ። ሥራው ባለቀ ማግስት መኪናዋ ወደ ቀኝ አዘንብላ ተገኘች። መካኒኩ ዝንባሌውን ከኋላ ቆሞ ስላየው፣ ከኋላ ቀኙ ሞላ ሥር ወፍራም የጎማ ቁራጭ አስገባ፤ መኪናዋም ቀጥ አለች። ሒሳቡ ተከፈለ። ነገር ግን በዝናብ ቀን ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ትስባቸው ጀመር።

«ልጄ፣ ይኸ የተማርከው ፊዚክስ ለዚህች ምን ይላል?» አሉኝ።

እኔም በመጀመሪያ ያደረግሁት ከመካኒኩ አይለይም። ከኋላ ቆሜ አየኋት፤ ቀጥ ብላለች። «እንግዲያው ችግሩ ፍሬኑ ነው» አልኋቸው። ፍሬኑ ተፈተሸ፤ እንከን አልተገኘበትም። ለዶክትሬት በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ከስሌት ጋር ብዙ ውዬ አድሬአለሁ፤ ሜትር ይዤ ከመኪና አጠገብ መንበርከክን ግን ከዚያ ዕለት በፊት አልሞከርሁትም ነበር።

ነገሩን ከጉልቻ እንጀምረው። ሦስት ጉልቻ ወጣ ገባ መሬት ላይም ቢሆን ድስቱን አያነቃንቀውም። አራተኛ ሲጨመር ግን አንዱ ሥራ ይፈታል፤ ወይም ድስቱ ይወዛወዛል። የሚዛን እኩልዮሾቹ ሦስት ሲሆኑ ያልታወቁት ጭነቶች አራት ስለሆኑ፣ የጎደለውን መረጃ የምናገኘው ከድጋፎቹ ጥንካሬና ርዝመት ነው። ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው ሕግ እዚህ ላይ ያስፈልገናል።

ለቀላልነት የመኪናው አካል አይታጠፍም፣ አራቱም ሞላዎች እኩል ጥንካሬ አላቸው እንበል። የፊት ቀኙ ሞላ በ40 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ያ ጥግ የሚወርደው 40 ሳይሆን 30 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤቶቹ፣ ማለትም የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ፣ እያንዳንዳቸው 10 ይወርዳሉ፤ በሰያፍ የሚገኘው የኋላ ግራው ደግሞ 10 ከፍ ይላል። አሁን ግራና ቀኙን እናወዳድር። ከፊት ልዩነቱ 20 ነው፤ ከኋላም 20 ነው። አጭሩ ሞላ የኋላ ቀኙ ቢሆን ኖሮም እነዚሁኑ ሁለት ቁጥሮች እናገኝ ነበር። ስለዚህ ግራና ቀኝን ብቻ የሚያስተያይ ሰው፣ ዓይኑ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ጥፋቱ ከፊት ይሁን ከኋላ ሊለይ አይችልም።

ከኋላ ቀኙ ሞላ ሥር በ40 ሚሊ ሜትር የሚያነሣ ቁራጭ ቢገባ ዝንባሌው ፈጽሞ ይጠፋል። የሚቀረው መኪናው ከፊት 20 ዝቅ፣ ከኋላ 20 ከፍ ማለቱ ነው፤ ይህንን ማንም ልብ አይለውም። ጭነቱ ግን አልተስተካከለም፤ እንዲያውም የሰያፉ መዛባት እጥፍ ሆኗል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚለካው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ነው ብንል፣ ከፊት ቀኙ ጎማ 400 ኒውተን ይቀነሳል፤ በፊት ግራው ላይ ያንኑ ያህል ይጨመራል። በሁለቱ መካከል የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ያህል ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ ጭነት የቀለለው ጎማ ቀድሞ ይንሸራተታል፤ መኪናው ጭነት ወደ በዛበት ጎን ይሳባል። አዛውንቱ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ አልሰማኋቸውም።

ምርመራው አራቱን ድጋፍ ወደ ሦስት መመለስ ነው። ክሪኩን ከፊት ተሻጋሪው ብረት እኩሌታ ላይ በጣውላ አስደግፈን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት እስኪለቁ አነሣናት። (በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ!) አሁን የግራ ቀኙን ዝንባሌ የሚወስኑት የኋላ ሞላዎች ብቻ ናቸው። ቀጥ ብላ የቆመችው ላዳ ወደ ግራ አዘነበለች፤ የጎማው ቁራጭ ራሱን አጋለጠ።

ቁራጩ ወጣ፤ የፊት ሞላዎቹም ወረዱ። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው አረንጓዴ የቀለም ምልክት ነበረው። የላዳ ፋብሪካ ሞላዎቹን በተወሰነ ጭነት ሥር በሚኖራቸው ርዝመት በሁለት ምድብ ይከፍላቸውና በቀለም ይለያቸዋል፤ ግራና ቀኙ የአንድ ምድብ መሆን አለባቸው። ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሟቸው እኩል ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚለያዩት ሲጫኑ ነው። የእኛዎቹ ላይ ደግሞ የዕድሜ ልዩነት ተጨምሮበታል። (ሞላም፣ ክሪክም፣ ካዛንቺስም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ሲሆኑ፣ ላዳ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የፊያት 124 ተወላጅ መሆኗ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።)

መካኒኩን ልወቅሰው አልሻም። ደንበኛው የጠየቀው ቀጥ ያለች መኪና ነው፤ እሱም ቀጥ አደረጋት። የምወቅሰው እኛን የፊዚክስ መምህራንን ነው። የሁክን ሕግ አንድ ሞላ አንጠልጥለን፣ ክብደት ጨምረን፣ ቀጥተኛ መስመር አስነድፈን እንዘጋዋለን። አራት ሞላዎችን ከአንድ ጣውላ ሥር አስቁመን፣ አንዱን አሳጥረን፣ «የትኛው ነው?» ብለን ተማሪውን አንጠይቅም። ይህ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሥራ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የሚዛን ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ውስጥ አላገኘሁም፤ ወጪውም አራት ሞላና አንድ ጣውላ ነው።

ሞላ ከመፈታቱ በፊት ከአራቱም ጎማዎች እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ከፍታ ተለክቶ ቢሆን፣ ከሥራው በኋላ 30 የወረደው ጥግ ወዲያው በታወቀ ነበር። ሁለተኛው ልኬት መወሰድ ያለበት መኪናው ከክሪክ ወርዶ፣ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ተነድቶ፣ ከተደላደለ በኋላ ነው።

የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ጋራዡም ከቦታው ተነሣ። መካኒኩን በቅርቡ ሳገኘው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አራቱን ቁጥር እንደሚጽፍ ነገረኝና፣ «ሦስት አክስል ያለው ገልባጭስ?» ሲል ጠየቀኝ። ያልታወቁት ስድስት፣ እኩልዮሾቹ ሦስት። ጥያቄውን ለተማሪዎቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እየሠሩት ነው።