ከጋኑ እስከ ማሕፀን፦ በእርግዝና ወቅት የሚወሰዱ መጠጥና ጫት የሚያስከትሉት ጉዳት

በገጠር ቀበሌም ሆነ በከተማ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበርና ደቦ ያለ ጠላ አይታሰቡም። የቀረበን ጠላ አለመቅመስ እንደ ንቀት የሚቆጠርበት ጊዜም ብዙ ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ተለይታ አትታይም፤ እንዲያውም «ጠላ እህል ነው፤ ያበረታል» ተብላ የምትጋበዝበት አጋጣሚ አለ። ሱስ አስያዥ ነገር ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ሺሻና ሐሺሽን እንጂ በጋን ውስጥ ያለውን መጠጥ አይደለም። ለጽንሱ ግን አልኮል ከጠላም መጣ ከቢራ፣ ከአረቄም መጣ ከውስኪ ያው አልኮል ነው።

እናት የጠጣችው አልኮል ከደሟ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። የጽንሱ ጉበት ገና ያልዳበረ በመሆኑ አልኮሉን እንደ አዋቂ ሰው ማስወገድ አይችልም። ጉዳቱን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ለሟን እ.አ.አ. በ1968፣ አሜሪካውያኑ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ደግሞ በ1973 በሕክምና ጽሑፎች ገልጸውታል። በጽኑ የተጎዳ ሕፃን ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ የፊቱ ቅርፅ ይለወጣል፤ አንጎሉም ይጎዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። ብዙዎቹ ተጎጂዎች መልካቸው ከሌላው ልጅ አይለይም፤ ነገር ግን ማስታወስ፣ ትኩረት መሰብሰብና ስሜታቸውን መግታት ይቸግራቸዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» ወይም «ባለጌ» ተብሎ ሊቀጣ ይችላል። የአንጎል ጉዳቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ነው፤ በእርግዝና ወቅት ከአልኮል በመቆጠብ ግን ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር «ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም» የሚባል መጠን አለመኖሩን የሚያስታውቀው ለዚህ ነው።

ጫትም ከዚሁ ጋር ሊታይ ይገባዋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። በዚህም ለጽንሱ የሚደርሰው ደምና ምግብ ሊያንስ ይችላል። በየመንና በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶች በእርግዝና ወቅት ጫት መቃምን ከዝቅተኛ የልደት ክብደት፣ ማለትም ከ2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ከመወለድ ጋር አያይዘውታል። ሲጋራም እንዲሁ ለጽንሱ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ባል በቤት ውስጥ የሚያጨሰው ሲጋራ ጭስ ለማታጨስ ነፍሰ ጡርም ይተርፋል።

ሕጉ የሚደርስበት ወሰን አለው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ጠላና አረቄ ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም፤ በጠርሙሳቸው ላይም የአልኮል መጠን አይጻፍም። በቤት የሚወጣ አረቄ የአልኮል መጠኑ ከ30 በመቶ ሊበልጥ ይችላል፤ የጠላውም እንደ ጠማቂዋ ይለያያል። በሌላ በኩል ጠላ ሸጠው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ጥቂት አይደሉም፤ ጫትም ለብዙ አርሶ አደሮች የገቢ ምንጭ ነው። በመሆኑም ችግሩ በክልከላ ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ዋናው መፍትሔ የሚገኘው በቤተሰብና በጤና ጣቢያ ነው። እ.አ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው 74 በመቶ የሚሆኑት እናቶች ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ የእርግዝና ክትትል አግኝተዋል። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት ግን 43 በመቶ ብቻ ናቸው። የጽንሱ አካላት የሚቀረጹት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አንዳንዴም እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከወዲሁ መጠጥ ብታቆም፣ የወር አበባዋ የቀረባትም ሳትዘገይ ብትመረመር ጽንሱን ይጠቅማል። ወራት ካለፉ በኋላ ማቆምም ቢሆን ዋጋ አለው፤ አንጎል እስከ ወሊድ ድረስ ማደጉን አያቋርጥምና።

የጤና ባለሙያው ጥያቄ «ትጠጫለሽ ወይ?» ከሚለው ማለፍ አለበት። ጠላን እንደ መጠጥ የማትቆጥር እናት «አልጠጣም» ብላ ትመልሳለችና ስለ ጠላ፣ አረቄ፣ ጠጅና ጫት በየስማቸው፣ ሳያሳፍሩ መጠየቅ ያሻል። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር በአንድ ጊዜ ስታቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታን የሚመስል መናወጥ ሊያጋጥማት ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ሄዳ በባለሙያ እገዛ ማቆም ይኖርባታል።

ሸክሙን በእናቲቱ ላይ ብቻ መጣልም ተገቢ አይደለም። ጠላ ቀድቶ «ጠጪ» የሚላት ቤተሰብና ጎረቤት፣ አብራው እንድትቅም የሚጋብዛት ባል የኃላፊነቱ ተካፋዮች ናቸው። በድግስ ቤት ለነፍሰ ጡሯ ውኃ፣ ወተት ወይም አጥሚት ማቅረብ፣ ጠላውን አልጠጣም ስትልም ያለ ወቀሳ መቀበል ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ቤት ሊፈጸም የሚችል ተግባር ነው።