ከመወጣጫ ለወደቀው ማን ይክፈል?

የሙግቱ ጥያቄ፦ በግንባታ ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ፣ እንደ ተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን ሁሉ፣ በአስገዳጅ መድን ይሸፈን ወይስ እንደ እስከ ዛሬው አሠሪው ከኪሱ ይክፈል? ለመድኑ የሚሟገቱት የሠራተኛ ጉዳዮችን የያዙ ጠበቃ ናቸው። የሚቃወሙት በሳይት ሥራ የቆዩ የግንባታ መሐንዲስ ናቸው።

ጠበቃዋ፦ መድኑ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር ይምጣ

የተጎዳ ሠራተኛን በተመለከተ ሕጋችን ደካማ ነው የሚል ሰው አንቀጾቹን አላያቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ሠራተኛው ጉዳቱ በሥራው ምክንያት የደረሰ መሆኑን እንጂ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት የለበትም። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ቢጎዳም በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠርለታል። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ከሥራ ውጭ ሆኖ ሲታከም የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ የሚቀጥሉትን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰውን፣ የቀሩትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰውን ያገኛል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ጨርሶ መሥራት የማይችል ከሆነ የ5 ዓመት ደመወዙ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ደግሞ በጉዳቱ መጠን ልክ ይሰላል።

ስሌቱን በአንድ ግንበኛ ላይ እንየው። በቀን 500 ብር እየተከፈለው በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። የወር ገቢው 13,000፣ የ5 ዓመቱ 780,000 ብር ይሆናል። የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን 30 በመቶ ነው ካለ 234,000 ብር ይገባዋል። ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሥራውን ከሰብ ኮንትራክተር ተቀብሎ ለራሱ ሰዎች ያከፋፈለ፣ አንድ የአርማታ ማደባለቂያ በኪራይ የያዘ፣ ቢሮም የባንክ ሂሳብም የሌለው ሰው ነው። ቢፈረድበት ስልኩን ዘግቶ ሌላ ክፍለ ከተማ ሥራ ይጀምራል። ሠራተኛው የፍርድ ወረቀቱን ይዞ ከአፈጻጸም ችሎት አፈጻጸም ችሎት ሲመላለስ፣ ያ ሁሉ አንቀጽ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

ይህችው አገር ግን ለሌላ አደጋ መላ አበጅታለች። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ እንዳይወጣ ተደረገ። ገጭቶ ለሚሰወርና ላልታወቀ ተሽከርካሪ ተጎጂ እንኳ የመድን ፈንድ ተቋቋመ። ሕጉ ይህን ሲያደርግ ሹፌሩ ድሃ ይሁን ሀብታም አልጠየቀም፤ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር ብቻ አሰበ። ታዲያ ሚኒባስ ያለ መድን መንገድ የማይወጣ ከሆነ፣ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ያለ መድን ወደ ላይ የሚወጣው በምን ምክንያት ነው? የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ባለንብረት የሠራተኛ ጉዳት መድን ሳያቀርብ ፈቃዱ አይሰጠው።

መሐንዲሱ፦ ገንዘቡ ከአሠሪው ኪስ ይውጣ

ጠበቃዋ እህቴ ስለ ሕጉ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ። መድን ከሳይት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ግን እኔ ልናገር።

በመንግሥት ፕሮጀክቶች የሥራ ተቋራጩ ለሠራተኞች ሞትና የአካል ጉዳት መድን እንዲገባ በውሉ ላይ ይጻፋል። አዲስ ነገር አይደለም። አረቦኑ የሚሰላው በደመወዝ ሊስት ነው። ሰው ሲወድቅ ኩባንያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ሊስት ነው። ጠዋት ከመንገድ ዳር ተለቅሞ የመጣ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ስሙ እዚያ ላይ የለም። ፎርማኑ በደብተሩ «ቀን ሠራተኛ 14» ብሎ ጽፎታል፤ ያ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የመድን ድርጅት ደግሞ መከራከር ሥራው ነው፤ ሕጉ ለአሠሪው የሰጠውን መከላከያ ሁሉ ይመዛል። ሰክሮ ነበር፣ ሄልሜት አድርግ ተብሎ እምቢ ብሏል ይላል። ሠራተኛው ትናንት ከአንድ ተቋራጭ ጋር ይሟገት ነበር፤ ነገ ደመወዝተኛ ጠበቆች ካሉት ኩባንያ ጋር ይሟገታል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። መወጣጫው ከግድግዳው ጋር በደንብ ይታሰር ወይስ ሥራው ይቀጥል የሚለውን በየቀኑ የሚወስነው ፎርማኑ ነው። ፎርማኑ አለቃውን ይፈራል፣ አለቃው ደግሞ ወጪን ይፈራል። አደጋ ቢደርስ ሌላ እንደሚከፍል ካወቀ ግን በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን ተጎጂን ረድቷል፤ ሹፌርን ጠንቃቃ አድርጓል የሚል ሰው ግን ለማግኘት እቸገራለሁ።

አሠሪው ለቋሚ ሠራተኛ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ራሱ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ያ ፈንድ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትንም ይሸፍናል። በመዝገብ ላይ ያለውማ ቀድሞም ጥላ አለው። ጥላ የሌለው ስሙ ያልተጻፈው ነው፤ እሱን ደግሞ አዲሱ መድንም አይደርስለትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛ፣ ዋናው ተቋራጭና ባለንብረቱ ከሰብ ኮንትራክተሩ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሁኑ። የሚሰወረው ሰብ ኮንትራክተሩ እንጂ ሕንፃው አይደለምና። ሁለተኛ፣ ጥፋት ላለበት አሠሪ ቅጣቱ ይክበድ። አዋጁ ጥፋተኛ አሠሪን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ጭምር መክሰስን አልከለከለም። ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ቀን የግንበኛ ሒሳብ ነው። ማን ይደነግጥበታል?

ጠበቃዋ፦ ስም ሳይሆን ሕንፃ ይመዝገብ

መሐንዲሱ ወንድሜ፣ የደመወዝ ሊስቱን ማንሳትዎ ለእኔ ጠቅሞኛል። እኔ የምለው መድን በሰው ቁጥር አይሰላም። ሕንፃው በፎቁና በስፋቱ ይመዘን፤ አረቦኑም በዚያው ይወሰን። የሦስተኛ ወገን መድን ገና ያልተገጨውን ሰው ስም አይጠይቅም፤ መኪናውን ብቻ ያውቃል። እንዲሁ ሁሉ በዚያ ሳይት ሲሠራ የተጎዳ፣ ስሙ በሊስቱ ኖረም አልኖረም፣ ይሸፈን። የእርስዎ «ቀን ሠራተኛ 14» የሚገባበት በር ይህ ነው።

ቸልተኛነት ይበዛል ላሉት፣ አረቦኑ ለሁሉም እኩል ይሁን ያለ የለም። ሁለት ጊዜ ሰው የወደቀበት ተቋራጭ ለሦስተኛው ሕንፃ እጥፍ ይክፈል። ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘም መድን ሰጪው ከፍሎ ሲያበቃ መልሶ ይጠይቀው። የ1,000 ብሩ ጣሪያ ይነሳ ማለትዎን በሁለት እጄ እቀበላለሁ።

የአንድነትና የነጠላ ተጠያቂነትም ጥሩ ነው፤ ግን ክስ ነው። ክስ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ የተሰበረ ወገብ ያለው ሰው የቤት ኪራይ ግን የሚቆጠረው በወር ነው። ደግሞ ካሳው ሁሉ በደመወዝ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አንርሳ። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ በወር 2,000 ብር የምታገኝ የአርማታ ተሸካሚ ሴት ሙሉ በሙሉ የመሥራት አቅሟን ብታጣ የሚሰላላት 120,000 ብር ነው። መድን ቢኖር ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል ማስቀመጥ ይቻላል። ከአንድ ድሃ ሰብ ኮንትራክተር ኪስ ግን ወለል አይወጣም።

መሐንዲሱ፦ መያዣው በመጨረሻው ፈቃድ ላይ ይሁን

በሕንፃ መመዝገቡ ብልህ ሐሳብ ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር። ሆኖም ሰው በብዛት የሚወድቀው ፈቃድ ባለበት ሳይት ብቻ አይደለም። በሌሊት የሚሞላ ወለል አለ፤ ከተፈቀደለት በላይ ፎቅ የሚጨምር አለ፤ ያለ ፈቃድ የሚቆፈር ጉድጓድ አለ። እነዚህ ጋ የእርስዎ መድን አይደርስም፤ የባለንብረቱ ተጠያቂነት ግን ይደርሳል።

መድን ሰጪ መልሶ ይጠይቃል ማለትም አፈጻጸሙን ከሠራተኛው ወደ ኩባንያው ማዞር ነው። ኩባንያው ያን ድሃ ሰብ ኮንትራክተር ሲያባርር አይውልም፤ ኪሳራውን በሚቀጥለው ዓመት አረቦን ላይ ይደምረዋል። ያኔ መወጣጫውን በብረት ያሰረው ተቋራጭ በገመድ ላሰረው ይከፍላል።

እስከዚያው ግን ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባ አለ። የተጎዳ ዕለት ሆስፒታል ካርዱ ላይ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ይጻፍለት። አብረውት የነበሩ ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ። የጽሑፍ ውል ስለሌለው ብቻ መብቱ አይቀርም፤ በምስክር ይረጋገጣል። ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም፣ ነገር ግን የአንድ ዓመት ይርጋ አለ። «ትንሽ ታገስ፣ እንስማማለን» እየተባለ ስንት ሰው ያ ዓመት አልፎበታል!

እርስዎ መያዣውን ከግንባታ ፈቃዱ በፊት ያስቀምጣሉ፤ እኔ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሕንፃ ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጠዋል። በዚያ ሳይት የተጎዳ ሰው ካሳው ሳይከፈለው፣ ወይም ክርክሩ ካላለቀ ገንዘቡ በፍርድ ቤት ሳይያዝ፣ ያ ፈቃድ አይሰጥ። ባለንብረቱ ለባንክ ወለድ እየከፈለ ያለ ተከራይ አንድ ወር ቢቆም፣ ለሚቀጥለው ሕንፃ ተቋራጭ ሲመርጥ ስለ መወጣጫው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱ ራሱ ይሆናል።