ከመዝራት በፊት መቁጠር

ፐርሙቴሽን፣ ማለትም ሰዎችን ወይም ዕቃዎችን በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ማሰለፍ እንደሚቻል የሚቆጥረው የሒሳብ ክፍል፣ ለአብዛኞቻችን ከሁለተኛ ደረጃ ፈተና ጋር ተሰናብቶን የቀረ ትምህርት ነው። አምስት መጻሕፍት በአንድ መደርደሪያ ላይ በ120 መንገድ ይደረደራሉ፤ መልሱ ይጻፋል፣ ጉዳዩም ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ይህ ቆጠራ በድኅረ ምረቃ የጥናት ዕቅድ ውስጥ፣ ያውም መረጃ ከመሰብሰቡ አስቀድሞ፣ ሊሠራ ይገባዋል የሚል ነው።

አንድ ተመራማሪ ስድስት አነስተኛ የጤፍ ማሳዎች አሉት እንበል። ሦስቱ አዲስ ማዳበሪያ ያገኛሉ፣ ሦስቱ አያገኙም፤ ድልድሉ በዕጣ ይወሰናል። ስድስቱን ማሳዎች በ720 መንገድ ማሰለፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ ማዳበሪያ ያገኙት ሦስቱ እርስ በርሳቸው ቦታ ቢለዋወጡ ድልድሉ ያው ነው፤ ያላገኙትም እንዲሁ። ስለዚህ 720 ለ6፣ ውጤቱም እንደገና ለ6 ይካፈላል። የሚቀረው 20 ነው።

ማዳበሪያው ከንቱ ቢሆን፣ የየማሳው ምርት ዕጣው እንዴትም ቢወጣ አይለወጥም። እንግዲህ ከፍተኛ ምርት የሰጡት ሦስቱ ማሳዎች ማዳበሪያ የደረሳቸው ሆነው በአጋጣሚ የመገኘታቸው ዕድል ከ20 አንድ፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ንድፉ ሊሰጥ አይችልም። ማዳበሪያው ምርት ሊቀንስም ይችላል ተብሎ ሁለቱም አቅጣጫ ከታየ ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ከፍ ይላል። ማዳበሪያው የቱንም ያህል ፍቱን ቢሆን የተለመደው የ5 በመቶ ወሰን አይታለፍም፤ የአንድ ክረምት ድካም ገና ዘሩ ሳይበተን ውጤቱ ተወስኗል ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ወተት ከሻይ በፊት ወይም በኋላ መጨመሩን በጣዕም እለያለሁ ያለችን ሴት ለመፈተን ስምንት ስኒዎችን፣ አራት በአራት ከፍሎ፣ ያቀረበው ይህንኑ ቆጥሮ ነበር፤ የሚቻሉት ምርጫዎች 70 ናቸው።

«ቲ-ቴስት አለ አይደለም ወይ?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። አለ፤ በስድስት ማሳም ከ5 በመቶ በታች የሆነ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን የሚደገፈው ምርቱ የኖርማል ሥርጭትን ይከተላል በሚል ታሳቢ ላይ ነው፤ ስድስት ልኬቶች ደግሞ ይህን ታሳቢ ለመመርመር አቅም የላቸውም። ቆጠራው የሚጠይቀው ዕጣው በአግባቡ መውጣቱን ብቻ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ የሚመቸውን ብቻ አቅርቦ ሌላውን መተው፣ በእኔ እምነት፣ አንባቢን ማሳሳት ነው።

መሬትና ዘር ውድ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ሁለት ማሳ ብቻ ቢጨመር፣ አራት በአራት ሲሆን፣ ድልድሎቹ ከ20 ወደ 70 ያድጋሉ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሲታይ ትንሹ ዕድል ወደ 2.9 በመቶ ይወርዳል። ተመሳሳይ አፈር ያላቸውን ማሳዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕጣ ማውጣትን ብዙ አማካሪዎች ይመክራሉ፤ የአፈር ልዩነትን ስለሚያጠብ ምክሩ መልካም ነው። ግን ዋጋ አለው፦ በሦስት ጥንድ ውስጥ የሚቻሉት ድልድሎች 8 ብቻ ናቸው። አምስት ጥንድ እንኳ 32 ድልድል ስለሚሰጥ በሁለት አቅጣጫ ከ6 በመቶ በታች አይወርድም። በጥንድ መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ቢያንስ ስድስት ጥንድ፣ ማለትም ዐሥራ ሁለት ማሳ፣ ያስፈልገዋል።