«እንዴት አደሩ» ማለት ኢማን አያጎድልም!

ቢስሚላህ

ቦንጋ ውስጥ፣ እንደሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ ሃይማኖትን ከተዉ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው አዛውንቶች አሉ። ጡረታ የወጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በወጣትነታቸው ማርክስንና ሌኒንን አንብበው «ፈጣሪ የለም» ያሉ፣ በዚያው የቀሩ። ከእነሱ ውስጥ የእኛው ቤት ሰዎችም አሉ፤ የአባቶቻችን ወንድሞች፣ የእናቶቻችን አጎቶች።

ጠዋት ተሰብስበው ቡና ይጠጣሉ። ወሬያቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለማታደርስ ጡረታ፣ ሩቅ አገር ሄዶ ስላልደወለ ልጅ ነው። አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ቤቱ ድረስ ሄደው «ምን ሆነህ ነው?» ይሉታል።

የእኛ ወጣት ግን በአጠገባቸው ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሲብስም ፌስቡክ ላይ ወጥቶ «እነዚህ ከሃዲ ሽማግሌዎች» እያለ ይሳለቅባቸዋል። ይህንንም ለዲን መቆርቆር ነው ብሎ ያስባል። ወንድማችን፣ ይህን ከየት ተማርከው?

«ቁርኣን አብረዋቸው አትቀመጡ ይላል» የሚል መልስ እንሰማለን። አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብበው! ሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 140 የከለከለው የአላህ አንቀጾች ሲካዱና ሲላገጥባቸው እየሰሙ አብሮ መቀመጥን ነው። ክልከላውም ገደብ አለው፤ ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ ነው። ታዲያ ከመጀመሪያውም ወሬያቸው ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም የሆነን ሰዎች በየትኛው ማስረጃ ነው ያገለልናቸው? ሲያላግጡ ተነስ፤ ሲያወሩ ግን ሰው ናቸው።

ሱረቱ ሉቅማን ቁጥር 15ንም ተመልከት። ወላጆች በአላህ ላይ እንድታጋራ ቢታገሉህ እንኳ የታዘዝከው እንዳትታዘዛቸው ነው፤ በዱንያ ጉዳይ ግን በመልካም እንድትኗኗራቸው ታዘሃል። የአስማእ ቢንት አቡበክር (ረ.ዐ) እናት ሙሽሪክ ሆና ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናዋን እንድትቀጥል ነገሯት። ያገለግላቸው የነበረ አይሁዳዊ ልጅ ሲታመም ደግሞ ነቢዩ ራሳቸው ሄደው ጠየቁት፤ ራስጌው ተቀምጠው ወደ ኢስላም ጠሩት፤ ልጁም ሰለመ። ልብ በል፤ ጥሪው የመጣው ከጥየቃው በኋላ ነው። እኛ ግን ሳንጠይቅ መጥራት፣ ሳንጠራም መስደብ ለመድን።

የታሪክ ጉዳይም አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ ላይ በወጡ ጊዜ ክርስቲያኖችና ተማሪዎች አብረዋቸው ተሰልፈዋል። የተማሪው ንቅናቄ ያን ጊዜ በግራ ፖለቲካ የተቃኘ ነበር። በ1967 ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ከፋ-ሞቻ ነበር። ማን ያውቃል፣ አያትህን ፊደል ያስቆጠራቸው ዛሬ ፊትህን የምታዞርበት ሽማግሌ ይሆናል።

ይህን ስንል ደርግን እያሞገስን አይደለም። ቀይ ሽብር በየቤቱ ለቅሶ ያስገባ ግፍ ነው፤ ሃይማኖትን ኋላ ቀርነት ነው እያሉ ትውልድ ማደናገርም በደል ነው። ኩፍርን ኩፍር እንላለን፤ በዚህ ድርድር የለም። ግን ሐሳቡን መቃወም አንድ ነገር ነው፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው መናቅ ሌላ።

ለእኛ ትልቁ አደጋም ከክርክራቸው አይመጣም፤ ከባዶ ወንበራችን ነው የሚመጣው። በልቡ ጥርጣሬ የገባ ወጣት የት ይሂድ? ወደ እኛ ቢመጣ ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ «አስተግፊሩላህ በል!» ብለን እንጮህበታለን። እዚያ ግን «ተቀመጥ ልጄ፣ ቡና ጠጣ» ይሉታል። ሰው ወደሚሰማው ይሄዳል። የሄደውም በማስረጃ ተሸንፎ ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ስኒ ቡና ተሸንፎ ነው። የቡና አገር በሆነችው ከፋ ይህን ማጣታችን ያሳፍራል!

ስለዚህ ወንድምና እህቶቻችን፦ በመንገድህ ስታገኛቸው «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» በል። ሲታመሙ ጠይቅ። ዕቃ ከከበዳቸው ተሸከም። ጥያቄ ቢያነሱ የምታውቀውን በአደብ መልስ፤ የማታውቀውን «ኡስታዜን ጠይቄ እመጣለሁ» በልና ተመልሰህ ሂድ። በየመስጂዱም ወጣቱ ሳይፈራ የሚጠይቅበት፣ የሚሰማው ታላቅ ሰው ያለበት መቀመጫ ይኑር።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሃምሳ ዓመት ጠጥተዋል። በረካ የማን እንደሆነ የሚነግራቸው ፊቱን ያላዞረ ጎረቤት ነው። ሂዳያ በአላህ እጅ ነው፤ መልካም አኽላቅ ግን በእኛ ላይ ያለ ግዴታ ነው።

አላህ ለእነሱ ሂዳያን፣ ለእኛ ሒክማን ይስጠን። ኣሚን!