ደንቡ ለባለባጃጁም ይድረሰው

በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በስልክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ታዘዘ። ዓላማው መልካም ነው፤ ድጎማው ለተፈቀደለት እንዲደርስ፣ ነዳጁም ጥቁር ገበያ እንዳይገባ ነው። ለከተሜው ቀላል ነው። ከስሪንቃ መርሳ ገበሬ ጭኖ ለሚመላለሰው፣ የስልኩን መልእክት ማንበብ ለሚቸግረው ባለባጃጅስ? የምሥጢር ቁጥሩን ለሌላ ይነግራል፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ በሰው እጅ ነው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ደግሞ ሰልፍ ላይ ይውላል። ያን ቀን ምጥ የያዛት እናት ብትጠራውስ?

ደንቡ ይቅር አልልም። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሌላ መላ ይኑር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዘማቹ ገጠር ድረስ ወርዶ ፊደል አስቆጥሯል። ዛሬ ፊደሉ ስልክ ላይ ነው። እኛ እጩ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ወርደን ብናስተምር ምን ይጎድልብናል?