አዲስ ኪቦርድ አትሥሩልኝ፤ ያለውን ጠግኑልኝ

ኮድ የምትጽፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

«ቲቸር፣ አዲስ የአማርኛ ኪቦርድ ሠርተናል፣ ሼር ያድርጉልን» ትሉኛላችሁ። ጎበዞች! ግን ከእናንተ በፊት በበጎ ፈቃድ የተሠራው የት ደረሰ? አዲስ ስልክ ላይ አልከፈት ያለው፣ ሰው ስህተቱን ጽፎ መልስ ያጣበት፣ እሱስ የማን ልጅ ነው?

ከሐሙሲት እስከ ወረታ ሩዝ የሚያመርት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መዝራቱ የቀናት ሥራ ነው፤ ወገብ የሚቆርጠው አረሙ ነው። ዘርቶ አረሙን የተወ ሰው ገበሬ አይባልም። በሶፍትዌር ደቦ ግን ሁሉም ዘሪ መሆን ይፈልጋል፤ አራሚ የለም።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ኦፕን ኤስኤስኤል የሚባለው ሶፍትዌር የብዙ ድረ ገጾችን ምስጢር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው እትሙ ላይ አዲስ አገልግሎት ተጨመረበት፤ ከአገልግሎቱ ጋር ስህተት አብሮ ገባ። «ኸርትብሊድ» ተብሎ የታወቀው ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2014 ነው። ዓለም የተደገፈበትን ይህን ሥራ የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ የሚያገኙት መዋጮም በዓመት 2,000 ዶላር ገደማ ነበር።

በ2024 ደግሞ ኤክስ ዜድ የተባለውን መሣሪያ ብቻውን ሲጠብቅ የደከመውን በጎ ፈቃደኛ «ላግዝህ» ብሎ የቀረበው ሰው፣ እምነቱን ካገኘ በኋላ ድብቅ መግቢያ ሲቀብርበት ተደረሰበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ፎንት የሠራ ሁሉ ፊደሉን በራሱ ኮድ ያስቀምጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰነድ ዛሬ ያለ ፎንቱ ብትከፍቱት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የምታዩት። አዲስ የሚሠራ ሞልቶ ነበር፤ የተሠራውን ተስማምቶ የሚያቆይ ነው የጠፋው።

«ታዲያ አዲስ ነገር አይሠራ?» ትሉኛላችሁ። ኧረ ይሠራ! በ2021 ዩኒኮድ 14.0 ለጉራግኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ፊደላትን ጨምሯል፤ እሰየው ነው። ግን ፎንቱና ኪቦርዱ ካልታደሱ ፊደሉ ስልካችሁ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚቀረው። አዲሱን ነገር ለሰው የሚያደርሰው ጥገና ነው።

«በነፃ የሚሠራን ሰው ማን ያዘዋል?» ይህም እውነት ነው፤ ማንም አያዘውም። ማንን እንደምናመሰግን ግን የምንመርጠው እኛው ነን። አፕ ለሚያስመርቅ ላይክ እናዘንባለን። ያረጀ ስልክ ላይ «ኘ» እና «ጘ»ን በትክክል እንዲጻፉ ሌሊቱን ሲያስተካክል ያደረውን ስሙን እንኳ አናውቀውም። የወንድሙን አሮጌ ስልክ የወረሰ የሐሙሲት ተማሪ ግን የሚያስፈልገው አዲስ ቀለምና ስቲከር አይደለም፤ የጻፈው ነገር ሳይጠፋበት መቀመጡ ነው።

ስለዚህ የኔ ሕግ ይኸው፦ ለአንድ አዲስ፣ ሁለት አሮጌ። አዲስ ሥራ ስትልኩልኝ፣ ሌላ ሰው የጀመረውንና እናንተ የጠገናችሁትን ሁለት ስህተት አብራችሁ ላኩ። አዲሱን ሼር አደርጋለሁ፤ ጥገናውን ግን ከላይ ፒን አደርገዋለሁ።

አልስማማም የምትሉ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር። መጀመሪያ ግን አንድ አረም ነቅላችሁ ኑ።