ግንዱስ ይነሳል፤ ብድሩን ማን ያነሳዋል?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የባህር ዛፍ ግንድ ከመሬት ተነስቶ ኢሱዙ ላይ የሚወጣው ዛሬም በአብዛኛው በሰው ትከሻ ነው። ሁለት ወፋፍራም እንጨቶች ከመኪናው ጠርዝ ላይ ይጋደማሉ፤ ግንዱ በገመድ ይጠፈራል፤ ስድስት ሰባት ጎረምሳ «ያዝ! ሳብ!» እየተባባለ ወደ ላይ ያንከባልለዋል። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም አንዱን እግሩ ከከዳው ግንዱ ተመልሶ የሚመጣው በሰዎቹ ላይ ነው። ይህን ያየ ሰው «ለምን በማሽን አይጫንም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለእርሻ ትራክተር ለመግዛት ገንዘብ የሚያዋጡ ገበሬዎችም ቀየት ይሁኑ መሐል ሜዳ ፊት ለፊቱ ላይ ሎደር አስገጥመው ግንድም ሊጭኑበት ማሰባቸው ተገቢ ሐሳብ ነው። ጥያቄው በሎደሩ ጫፍ ላይ ምን ይገጠም የሚለው ነው። ትርፍና ኪሣራ የሚለየው እዚያ ላይ ነውና።

እንደሚታወቀው ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ሲሆን ምክንያቱም የአዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ነበር። ዛሬ ግን በደጋው ሸዋ የቆመ ባህር ዛፍ የገበሬው የቁጠባ ደብተር ሆኗል። ሠርግ ሲደርስ፣ የማዳበሪያ ክፍያ ሲመጣ፣ ልጅ ከተማ ሄዶ ሲማር ይቆረጣል። ከዚህ ደብተር የሚወጣው ሸቀጥ ሁለት ዓይነት መሆኑን ገዢዎች ይዘነጉታል። አንዱ ለቤት ሥራና ለግንባታ መወጣጫ የሚሆነው አጣናና ማገር ነው። ሌላው ለጣውላ መሰንጠቂያና ለምሰሶ የሚፈለገው ወፍራም ግንድ ነው። የሁለቱ ሒሳብ ለየቅል ነው።

ሒሳቡን በክብደት መጀመር ይቻላል። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ብዙም አይርቅም፤ አንዱ ሜትር ኩብ ወደ አንድ ሺህ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ አጣና ከ50 ኪሎ አይበልጥም። አንድ ወጣት በትከሻው ይዞት ይሄዳል። ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ 125 ኪሎ ገደማ ነው። ውፍረቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ግን ክብደቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ 500 ኪሎ ይገባል። ማሽን የሚያስፈልገው ለዚህኛው ነው። የሚሸጠው አጣና ብቻ የሆነ ማኅበር ሎደር ሲገዛ ዝንብን በመዶሻ እንደሚያሳድድ ሰው ይቆጠራል።

ከሎደር ጋር በአብዛኛው የሚመጣው ባልዲው ነው። ባልዲ ለአፈር፣ ለአሸዋና ለፍግ የተሠራ ዕቃ ነው። ግንድ ግን ድቡልቡል ነው፤ ባልዲው ወደ ላይ ሲነሳና ወደ ኋላ ሲያዘነብል ግንዱ በክንዶቹ ላይ ተንከባሎ ሹፌሩ ላይ ሊወርድ ይችላል። ብዙዎቹ ትራክተሮች ያላቸው ለፀሐይ የተሠራ ጥላ እንጂ የሚወድቅ ዕቃ የሚችል ጣሪያ አይደለም። «ለጊዜው በባልዲው እንጭናለን» የሚል ሰው የሹፌሩን ሕይወት ለጊዜው ተበድሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ሹካ ነው፤ በመጋዘን ፎርክሊፍት ላይ የሚታየው ዓይነት ሁለት ረጃጅም ጣቶች ያሉት። ሦስተኛው ደግሞ ግንዱን ከላይ ነክሶ የሚይዘው፣ ግራፕል የሚባለው መንጋጋ ነው። ለዓይን ይማርካል። ሻጩም ሲያሳይ ግንዱን እንደ ቀላል ዱላ ብድግ አድርጎ ያሳያል። ይሁን እንጂ መንጋጋው እንዲከፈትና እንዲዘጋ ከሎደሩ መደበኛ መስመር ሌላ ተጨማሪ የሃይድሮሊክ መስመር ይፈልጋል። ይህ ማለት ተጨማሪ ቫልቭ፣ ተጨማሪ ቱቦ፣ ተጨማሪ ጎሚኒ ነው። ቱቦው በእንጨት ስንጥር ተወግቶ ዘይት ሲያፈስ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ማንም የደጋ ሰው ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከተገኘ ዕድል ነው፤ ካልተገኘ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው ክብደቱ ነው። በመግለጫ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የማንሳት አቅም ብዙውን ጊዜ የሚለካው በክንዱ ጫፍ፣ በመጋጠሚያው ብሎን ላይ ነው። ሸክሙ ግን የሚቀመጠው ከዚያ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ነው፤ በራቀ ቁጥርም አቅሙ ይቀንሳል። እንበልና በወረቀት ላይ 1,000 ኪሎ የተባለ ሎደር ሸክሙ በሚያርፍበት ቦታ 700 ኪሎ ያነሳል። መንጋጋው ራሱ 300 ኪሎ ቢመዝን ለግንዱ የሚተርፈው 400 ኪሎ ነው። ያ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ አይነሳም ማለት ነው። ሹካው 150 ኪሎ ቢሆን ግን 550 ይተርፋል፤ ግንዱ ይነሳል። ውድ የሆነው ዕቃ ርካሹ የሚሠራውን ሳይሠራ ቀረ። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ኪሎ ያነሳል?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ከክንዱ ጫፍ ስንት ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በምን ከፍታ፣ ምን ተገጥሞለት?» ብሎ ነው።

ሹካም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይያዝም። ግንዱ እንዳይንከባለል ከኋላው ከፍ ያለ መደገፊያ ያስፈልገዋል፤ ሲጓዝም በሰንሰለት መታሰርና ለመሬት ቀርቦ መያዝ አለበት። በፊት በኩል ሸክም ሲነሳ የኋላ ጎማዎች ስለሚቀልሉ ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት ካልታሰረ ትራክተሩ ይናወጣል። የመንዝን አቀበትና ቁልቁለት ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝርዝር የቅንጦት አይደለም። ግንድ ከፍ አድርጎ በተዳፋት ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ ትራክተር መገልበጡ ጊዜ የሚጠብቅ ነገር ነው።

ብዙ ሻጭ የማያነሳው አራተኛ መንገድም አለ፤ ግንዱን ጨርሶ ከፊት አለማንሳት። ከትራክተሩ በስተኋላ በሦስት ነጥብ ማንጠልጠያው ላይ የሚገጠም ዊንች ግንዱን ከገደል ሥር በሽቦ ገመድ እየሳበ ያወጣዋል። ትራክተሩ ደልዳላው ላይ ቆሞ ይሠራል። ለጅሩ ሜዳ ሎደር፣ ለጀማ ሸለቆ አፋፍ ዊንች ቢባል ያስኬዳል። ዊንች ያጣ ሰው በሰንሰለት ሲጎትት ግን ማሰሪያው ከኋላ አክስሉ በታች መሆን አለበት። ከፍ ብሎ የታሰረ እንደሆነ ግንዱ ጉቶ ሲይዘው የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሳና ወደ ኋላ በሹፌሩ ላይ ይገለበጣል።

የከፍታው ጉዳይም አይዘለልም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። በወረቀት 75 የፈረስ ጉልበት የተባለው መሐል ሜዳ ሲደርስ 56 ገደማ ይሆናል። አዳማ ላይ ተፈትኖ «ጎበዝ» የተባለ ትራክተር መንዝ ላይ ቢለግም ጥፋቱ የትራክተሩ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ማኅበሩ ለትራክተሩ 3 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ተበድሮ በአምስት ዓመት የሚከፍል ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ዕዳ ዋናው 600,000፣ ወለዱ 450,000፣ በድምሩ 1,050,000 ብር ነው። በዓመት 200 ቀን ቢሠራ እንኳ ነዳጅ ሳይታሰብ በቀን 5,250 ብር ይጠበቅበታል። ስምንት ጫኞች በቀን 700 ብር ቢከፈላቸው ድምሩ 5,600 ነው። ስለሆነም ትራክተርን ለግንድ መጫኛ ብቻ የሚገዛ ሰው የነዳጁን ቀዳዳ የሚደፍንበት አያገኝም። ትራክተሩን የሚከፍለው ማረስ፣ መውቃትና በተጎታች ማመላለስ መሆን አለበት።

ሎደሩ መታየት ያለበት በተጨማሪ ወጪውና በተጨማሪ ገቢው ነው። ሎደርና ሹካ 500,000 ብር ቢጨምሩ የመጀመሪያው ዓመት ዕዳ 175,000 ይሆናል። በዓመት 60 ቀን ግንድ ቢጭን በቀን 2,917 ብር ማለት ነው። ከስምንቱ ጫኞች ሁለቱ ለማሰርና ለማስተካከል ቢቀሩ የሚድነው የስድስቱ ክፍያ፣ 4,200 ብር ነው። ለነዳጅና ለሹፌር 1,283 ብር ይተርፋል፤ ያስኬዳል። መንጋጋው ሌላ 300,000 ቢጨምር ግን የቀኑ ዕዳ 4,667 ይደርሳል። መንጋጋው አንድ ተጨማሪ ሰው አስቀርቶ የሚድነው 4,900 ቢሆን የሚተርፈው 233 ብር ነው። በ233 ብር ትራክተር አይንቀሳቀስም። ሹካው በተጨማሪ የማዳበሪያ ጆንያና የታሰረ ድርቆሽ ያነሳል፤ መንጋጋው ግንድ በሌለበት ወር የሚሠራው ጥቂት ነው።

የ60 ቀኑ ግምትም ቢሆን ለጋስ ነው። በክረምት የጭቃ መንገድ ይዘጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ የሚዘጋው ክረምት ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል። መኪናው ሲቆም ወለዱ አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮ ወጥቷል። ቱቦና ቫልቭ የሚያበዛ ዕቃ በዚህ ጊዜ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ መንገድ የሚከፍቱ ነገሮችም አሉ። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተጀመረውና በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የተሻሻለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ቤትና መሬት ለማስያዣ ለሌለው ገበሬ ማሽኑን ራሱን ዋስ አድርጎ ይሰጠዋል፤ በክልሉም ዋልያን የመሰለ በዚሁ ሥራ የተሰማራ ድርጅት አለ። በ2011 ዓ.ም. የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ መደረጉም ጠቅሟል። ሎደሩና ሹካው ግን እንደ እርሻ መሣሪያ ይቆጠሩ እንደሆነ ከመፈራረም በፊት በጽሑፍ ማስረጋገጥ ይበጃል።

የሚቀሩት ስድስቱ ጫኞች ናቸው። በከተሞች ያሉ ጫኝና አውራጆች በሚጠይቁት ዋጋ ነጋዴው ሲያማርር ኖሯል፤ የደጋው ወጣት ግን ሌላ ሥራ ስለሌለው ነው ትከሻውን የሚያከራየው። በስሌቱ «ዳነ» የተባለው 4,200 ብር ትናንት የእነሱ እራት ነበር። ማሽኑ ወፍራሙን ግንድ ይውሰድ፤ አጣናውን ለእነሱ መተው ለሒሳቡም አይጎዳም። የማሽኑ ሹፌርና አሳሪም ከእነሱ መካከል ቢሠለጥን ግንዱ እንዴት እንደሚከዳ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱው ናቸው።

ለመግዛት የቆረጠ ማኅበር ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቀው፤ በአስፋልት ግቢው ውስጥ ሳይሆን እዚያው ደጋው ላይ፣ የማኅበሩን ትልቁን እርጥብ ግንድ በሹካ አንስቶ ኢሱዙ ላይ ያኑር። ቅድመ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።